በሳንቲም ባንክ የከፈቱ እናት

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ወይዘሮ ማጊ ሊና ዎከር ይባላሉ። እናትና አባታችሁ የእድር አባላት ከሆኑ ታሪካቸው እንግዳ አይሆንባችሁም።

ወይዘሮ ማጊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ ነው። እናታቸው በባርነት የኖሩ ሴት ነበሩ። በ1876 እንጀራ አባታቸው ሲሞቱ ቤተሰቡ ተቸገረ። እናትየው የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ትንሿ ማጊም የታጠበውን ልብስ ተሸክማ በየቤቱ ታደርስ ነበር።

በ1883 ትምህርታቸውን ጨርሰው አስተማሪ ሆኑ። በ1886 ሲያገቡ ግን ሥራቸውን ለቀቁ። ለምን መሰላችሁ? ያኔ እዚያ ከተማ ያገባች ሴት እንድታስተምር አይፈቀድላትም ነበር!

ወይዘሮ ማጊ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መረዳጃ አባል ነበሩ። ማኅበሩ ልክ እንደኛ እድር ነው፤ አባል ሲታመም ይረዳል፣ ሲሞት ያስቀብራል። በ1899 ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲመረጡ ግን ካዝናው ውስጥ የተገኘው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነበር። ያልተከፈለው ዕዳ ደግሞ 400 ዶላር ያህል! ማኅበሩ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም።

እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። እየዞሩ አዳዲስ አባላት አሰባሰቡ፤ በ1902 ጋዜጣ አቋቋሙ። በ1903 ደግሞ የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክን ከፈቱ። በአሜሪካ ባንክ አቋቁመው በፕሬዝዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ናቸው። ልብስ አጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች የተረፈቻቸውን ሳንቲም እዚያ ያስቀምጡ ነበር። ለልጆችም የሳንቲም ማጠራቀሚያ ትንንሽ ሣጥን ይሰጥ ነበር። አያችሁ፣ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እስከ 1920 ድረስ በዚያ ባንክ ብድር 600 ያህል ቤተሰቦች የቤት ባለቤት ሆኑ።

በዚያ ዘመን የሪችመንድ ጥቁር ሴት የምታገኘው ሥራ በአብዛኛው የሰው ቤት ማገልገልና ልብስ ማጠብ ነበር። በማኅበሩ ቢሮና በባንኩ ግን ሴቶች ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የቦርድ አባልም ሆኑ። ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። በ1905 የከፈቱት ትልቅ ሱቅ ነጭ ነጋዴዎች ስለተነሱበት በ1911 ተዘጋ። ወይዘሮ ማጊ በዚህ አልቆሙም። በ1912 የጥቁር ሴቶች ምክር ቤት መሠረቱ፤ አባላቱም ገንዘብ እያዋጡ ችግር ላይ ለወደቁ ሴት ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤትን ረዱ። በ1920 የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ደግሞ የከተማቸው ጥቁር ሴቶች እንዲመዘገቡ ቀሰቀሱ።

ከ1929 በኋላ በኢኮኖሚ ቀውስ ብዙ ባንኮች ሲዘጉ፣ የእሳቸው ባንክ ከሌሎች ሁለት የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋህዶ ተረፈ። በመጨረሻ ዘመናቸው እግራቸው አልታዘዝ ቢላቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1934 ዐረፉ። ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት የእድራችሁን ወይም የእቁባችሁን ደብተር ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል አስረዷቸው።

ጥያቄዎች፦
1. በ1899 ካዝናው ባዶ እስኪሆን ቢከፈል ስንት ዶላር ዕዳ ይቀራል?
2. ወይዘሮ ማጊ ማስተማር ያቆሙት ለምንድን ነው? ትክክል ይመስላችኋል?