ብፅዕት ኤሚሊያ፦ ቅርጫት ሠሪዋ እናት

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኙ ቤቶቻችን ጀበና የሌለበት ወጥ ቤት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ጀበና የሠራችው ሴት ልጇን አዝላ ብትመጣ፣ ስንቶቻችን ከማዕዳችን እናስቀምጣታለን? ቡዳ እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ የኖሩት የሸክላ ሠሪዎችና የቀጥቃጮች ቤተሰቦች ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትም ወገኗ የተናቀባትን የአንዲት ባለእጅ እናት ሕይወት እናቀርባለን።

ኤሚሊያ ፈርናንዴዝ ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1914 በደቡብ ስፔን፣ በአልሜሪያ አውራጃ፣ በቲሆላ ተወለደች፤ በዚያውም ተጠመቀች። ወገኖቿ ሮማ ይባላሉ። ስማቸው ቢመሳሰልም ከሮም ከተማ የመጡ አይደሉም፤ ጥንት ከሰሜን ሕንድ የፈለሱ ሕዝብ ናቸው። በስፔን ብዙ ግፍ ደርሶባቸዋል፤ በ1749 በንጉሥ ትእዛዝ በጅምላ ሲታሰሩ ወንዶቹ ከሴቶችና ከሕፃናት ተለያይተው ታጉረዋል። ኤሚሊያም ፊደል ሳትቆጥር አድጋ፣ ቅርጫት እየሠራች ትተዳደር ነበር።

በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1938፣ ባሏ ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወሰድ ዕውር መስሎ እንዲታይ ስለ ረዳችው ሁለቱም ታሰሩ። ነፍሰ ጡር ሳለች ስድስት ዓመት ተፈረደባት። በእስር ቤት ዶሎረስ ዴል ኦልሞ የምትባል እስረኛ ጸሎትንና መቍጠሪያን አስተማረቻት። ሃይማኖትን ማስተማር ያስቀጣ ስለ ነበር፣ ኤሚሊያ አስተማሪዋን ብትጠቁም ከእስር እንደምትፈታ ተስፋ ተሰጣት።

ፈተናው ከባድ ነበር፤ ነፃነቱ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለማኅፀኗ ፍሬም ነበርና። እርሷ ግን ዝም አለች፤ ለብቻዋም ተዘጋባት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1939 ሴት ልጅ ወለደች። አብረዋት የታሰሩት ሕፃኗን አጠመቁላት፤ ስሟም አንኼለስ ተባለ። ኤሚሊያ በ12ኛው ቀን በ24 ዓመቷ ዐረፈች፤ በጋራ መቃብርም ተቀበረች።

ቤተ ክርስቲያን መጋቢት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሎች የአልሜሪያ ሰማዕታት ጋር ብፅዕናዋን ዐወጀች፤ ከሮማ ሴቶችም የመጀመሪያዋ ብፅዕት ሆነች።

እንግዲህ እምነት የማይጣልበት ተብሎ ከተናቀው ወገን፣ በሞት ፊት ታማኝ ሆና የተገኘች እናት ወጣች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በቁምስናችን ሕፃናት መካከል በወገኑ ወይም በወላጆቹ ሙያ የሚሰደብ ልጅ ቢኖር፣ ኤሚሊያን እናስታውስ። ያን ልጅ ከፊት ወንበር እናስቀምጠው፤ እናቱንም በክብር ስሟ እንጥራት።