እቴጌ ምንትዋብና የልጅ አስተዳደግ

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ፊደል አስተምረው ነበር። እንዳያበላሽ ስለ ሠጋሁ እጁን በእጄ ይዤ አጽፈው ነበርና ጽሕፈቱ ያማረ መሰለኝ። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን መምህሩ ስሙን እንዲጽፍ ቢያዙት፥ ጠመኔውን እንደ ያዘ እጁን የሚይዝለት ሰው ይጠብቅ ጀመር። ይህን ስሰማ አፈርሁ። በኋላም ከአራዳ ወደ ቁስቋም ወጥቼ የእቴጌ ምንትዋብን የፈረሰ ግንብ ባየሁ ጊዜ፥ ታሪካቸው የራሴን ጥፋት አሳሰበኝ።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅና የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበር። እቴጌይቱም ልጁን በዙፋን አስቀምጠው፥ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው፥ ስለ እርሱ አገር ያስተዳድሩ ጀመር። ዐመፀኞች ግቢውን በከበቡ ጊዜ እንኳ ዙፋኑን አላስነኩም። የእናት ፍቅር ባይኖር ያ ሕፃን ምን ይውጠው ነበር?

ነገር ግን ኢያሱ አድጎ ጐልማሳ ከሆነ በኋላም የመንግሥቱ ልጓም ከእናቱና ከቋራ ዘመዶቻቸው እጅ አልወጣም። እርሱ አደንንና የቤተ መንግሥትን ጌጥ ያዘወትር ነበር። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምቶ ተሸንፎ ተመለሰ። በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አላለፈ። እቴጌይቱም የልጅ ልጃቸውን ሕፃኑን ኢዮአስን አንግሠው እንደ ገና ሞግዚት ሆኑ። እርሱም ከፍ ሲል በአያቱና በእናቱ በውቢት ወገኖች መካከል ጠብ ጸና፤ በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሉት። እቴጌይቱ የሁለቱንም ሞት አይተው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የሦስቱ ዐፅም ነው የሚባለው ዛሬም በቁስቋም ተጠብቆ ይገኛል።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ እርሳቸው ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የመኳንንቱም ሽኩቻ ብርቱ ነበር። ሆኖም ሕፃኑን ከጠላት ያዳነች እጅ፥ ልጓሙን በጊዜው ብታስጨብጠው ኖሮ ፍቅሯ ሙሉ በሆነ ነበር እላለሁ። ሕፃን ሲቆም መደገፍ፥ ሲራመድ መልቀቅ፥ ሲወድቅም ከአጠገቡ አለመጥፋት ይገባል።

አሁን ወንድሜ ብቻውን ይጽፋል። ፊደሉ ጐባጣ ነው፤ መስመሩንም ይስታል። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እጆቼን ግን አጣጥፌ።