ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስና ለተቸገሩት ያቆሙት ሥርዓት

በአጥቢያችን የተቸገረ ቤተሰብ ሲኖር ሁላችንም እናዝናለን። ከኀዘኑ በኋላ ግን ለማን እንንገርለት፣ ወዴትስ እናድርሰው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰዷል። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታይቷል። ስለዚህ በዚህ እትማችን ለዚህ ጥያቄ አስቀድመው መንገድ የጠረጉልንን አባት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው መልእክቱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ሆነው በሐረርጌ አገልግለዋል። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1963 ዓ.ም. ሲያርፉ እርሳቸው ተተኩ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አዲስ አበባ ላይ ሲሾሙም በሀገራችን ምድር የተሾሙ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ነበራት። ድሀውም በዝክሩና በሰንበቴው ከሚቆረሰው ይቀምስ ነበር። ይህ ዛሬም ያልተቋረጠ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን በደጀ ሰላም የቆመውን እንጂ ሐፍረት ይዞት ከነልጆቹ ቤቱ የተቀመጠውን አያገኘውም።

አቡነ ቴዎፍሎስ በዘመናቸው ሁለት ነገር ተከሉ። በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ በወሎና በትግራይ ያ ከባድ ረኀብ ወደቀ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቆም ተደረገ። በዚህ ደንብ ምእመናን በየቤተሰባቸው በአጥቢያቸው ይመዘገባሉ፤ እንደ አቅማቸው አስተዋጽኦ ያወጣሉ፤ ሥራውን የሚመሩትንም ራሳቸው ይመርጣሉ።

ጥቅሙ ወዲያው ታየ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ርስትም አብሮ ሄደ፤ የቀረው የምእመናን እጅ ነው። እርሳቸውም በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በነሐሴ 1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ በስውር ተገደሉ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው። ሰውዬው ቢገደሉም ሰበካ ጉባኤው አልፈረሰም፤ ኮሚሽኑም ዛሬ ለስደተኞችና ለተፈናቃዮች ሳይቀር ይሠራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ቸርነት በአንድ ደግ ሰው ላይ ብቻ ከቆመ ከሰውዬው ጋር ይቀበራል። በጉባኤና በመዝገብ ከቆመ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ጋር እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወንበር አለን። ወንበሩ ደግሞ ሥራ አለበት።

ከሁሉ በፊት በመዝገቡ የሌሉትን እንፈልግ። ከስደት የተመለሰች እናት፣ ያለ ወላጅ የሚያድግ ልጅ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ስማቸው ይጻፍ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ወደሚመለከተው እናድርስ። ለዕለት ጉርስ ሰንበቴና ዕድር አሉ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌ ሲረጋገጥ የጤና መድኑን መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ነገር ግን ይህን ሳያውቁ ታመው የሚተኙ አሉ። የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻ መጻፍ ለማይችል መጻፍ፣ ደጅ መጥናት ለከበደው አብሮ መሄድ ገንዘብ የሌለንም የምንችለው ምጽዋት ነው።

በመጨረሻም፣ ስንረዳ የሰውን ችግር በአደባባይ አናውጣ። ስሙ በመዝገብ ይቀመጥ እንጂ በአፋችን አይዙር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።