ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻው

በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት የኖረ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሰዓት አለች። የማታ ፈረቃ አልቆ፣ በ23ኛው ጎዳና የሚያልፈው 48 ቁጥር አውቶቡስ ባዶውን ሲመጣ፣ ሰው ከራሱ ጋር የሚቀርባት ሰዓት ናት። ብዙዎቻችን በስልክ እንሸሻታለን። ያችን ሰዓት ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልሸሸ አንድ የአገራችን ሰው ላውጋችሁ።

ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። መጽሐፉ ራሱ ያከራክራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነበር፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የዚያው ሚሲዮናዊ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው መሆኑን አጥብቀው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ታሪኩን መጽሐፉ እንዳለው እነግራችኋለሁ።

ልጁን ዜማ ቢያስገቡት ድምፁ ሻካራ ሆነና ጓደኞቹ ሳቁበት። አዝኖ ወደ ቅኔ ቤት ተሻገረ፤ ከዚያም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም መምህር ሆነ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት የተቀበሉበት ነበር። እሱ ሲያስተምር ፈረንጆች ይህን ይላሉ፣ ግብጾች ያን ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያቀርብ ስለነበር ሁለቱም ወገን ጠላው። አንድ ካህን ከንጉሡ ዘንድ ሲከሰው፣ ያለችውን ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ወጣ።

ከተከዜ ማዶ፣ ከገደል ሥር ዋሻ አገኘ። አራዊት እንዳይገቡበት በድንጋይ አጠረው። አልፎ አልፎ ወደ ገበያና ወደ አማራ መንደሮች ብቅ ሲል ሰው ባሕታዊ መስሎት ይመጸውተው ነበር።

በዋሻው ያደርግ የነበረው ነገር ቀላል ነው። ዳዊቱን ይጸልያል፤ ከዚያ ሥራ ስለሌለው ተቀምጦ ያስባል። መጀመሪያ የመጣበት የሰዎች ክፋት ነው፤ በፈጣሪ ስም ሲሰዳደዱ ፈጣሪ ለምን ዝም ይላል? ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ራሱ ዞረ። እኔስ የምጸልየው የሚሰማኝ አለ ብዬ ነው? ማን ነገረኝ? ሰው በትልቅ ነገር ለምን ይዋሻል ብሎም ጠየቀ፤ መመርመር ስለሚያደክም የሰማውን መቀበል ይቀለዋል አለ። ቂም ይዞት በገባበት ዋሻ ውስጥ በሰማይ ያለ ያህል ደስ ይለው ጀመር፤ ከሊቃውንት ጋር ከተማረው ይልቅ ብቻውን የተማረው እንደሚበልጥም ጽፏል።

እርግጥ የቤት ኪራይ አልነበረበትም! እኔ ዋሻ የለኝም፤ ከአውቶቡሱ እስክወርድ ግን ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ ዛሬ ማን አስቆጣኝ፣ እውነት እሱ ነው ወይስ ድካሜ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቀን ከዘመድ ጋር ልጣላ ስል ያዳነኝ ይህ ነው።

ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ዘርዓ ያዕቆብ ወደ እንፍራዝ ወረደ። ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ የእጅ ጽሑፉን ወደደለትና ዳዊት አስገለበጠው። ልጆቹንም ያስተምር ነበር። በዚያው ቤት የምታገለግለውን ሒሩትን ለማግባት ጠየቀ፤ መልከ መልካም ባትሆንም ብልህና ታጋሽ ነበረች። ጌታዋ ገረድህ ትሁን ቢለው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ በሚስትነት አገባት። በ68 ዓመቱ ሐተታውን የጻፈው የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። መምህሩ በ93 ዓመቱ ማረፉን በመጨረሻ የጻፈውም ይኸው ተማሪ ነው።