ስዋሚ ቪቬካናንዳ (1863–1902)፦ በተመስጦና በአገልግሎት መካከል

ራጃ ዮጋ የተሰኘው መጽሐፍ በ1896 ሲታተም ደራሲው የ33 ዓመት መናኝ ነበር። መጽሐፉ በኒው ዮርክ ከተሰጡ ትምህርቶች የተሰበሰበ ሲሆን፣ ዮጋን ከሕንድ ውጭ ላሉ አንባብያን የመንፈሳዊ መንቃት መንገድ አድርገው ካስተዋወቁት ሥራዎች መካከል ሰፊ ተሰሚነት ካገኙት አንዱ ነው። ስለ መጽሐፉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ደራሲው ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ተለያይተው ይጠናሉ። የሃይማኖት ታሪክ አጥኚዎች መጽሐፉን ከጥንታዊው የዮጋ ወግ ጋር እያስተያዩ ይመዝኑታል፤ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በአንጻሩ ሰውየውን በአንደበተ ርቱዕነቱና በአገር ፍቅሩ ያነሡታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ፣ በመጽሐፉ የተሰጠው የዮጋ ትምህርት በደራሲው ሕይወት ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልተፈታ አንድ ክርክር የመነጨ ነው የሚል ነው። ክርክሩም የራስን ነፍስ ነፃ ማውጣት ይቅደም ወይስ ለሌሎች መድከም የሚለው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኋላ ቪቬካናንዳ የተባለው ናሬንድራናት ዳታ ጃንዋሪ 12 ቀን 1863 በካልካታ ተወለደ። አባቱ ቪሽዋናት በከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠበቃ፣ እናቱ ቡቫኔሽዋሪ ዴቪ በሃይማኖቷ የጸናች ሴት ነበረች። የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ኮሌጅ ሲማር የሂዩምን፣ የሚልንና የስፔንሰርን ድርሳናት አንብቧል፤ የጣዖት አምልኮን ነቅፎ በአንድ አምላክ ማመንን ከሚያስተምረው የብራህሞ ሳማጅ የተሐድሶ ማኅበርም ገብቷል። በዚህ ዕድሜው ያስጨንቀው የነበረው ጥያቄ የነገረ መለኮት ተማሪ የሚጠይቀው ዓይነት አልነበረም። እግዚአብሔር መኖሩን በማስረጃ ከማስረዳት ይልቅ በዓይኑ ያየ ሰው መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይሻ ነበር። ይህንኑ የማኅበሩን ታላቅ መሪ ዴቤንድራናት ታጎርን ሳይቀር ጠይቆ የሚያረካ መልስ አላገኘም። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሃይማኖት በራስ ልምድ ካልተረጋገጠ ወሬ ነው የሚለው አቋሙ ከዚሁ የወጣትነት ጥያቄ የተቀዳ ነው።

መልሱን ያገኘው ከካልካታ በስተሰሜን በዳክሺኔስዋር የካሊ ቤተ መቅደስ ከሚያገለግለው ከራማክሪሽና ዘንድ ነው። በ1881 መጨረሻ የተገናኙት እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንም አይመሳሰሉም ነበር። አንደኛው በእንግሊዝኛ ትምህርት የተሞረደ የከተማ ልጅ፣ ሁለተኛው እምብዛም ያልተማረ፣ በጸሎት መካከል ከራሱ የሚለይ የገጠር ካህን ነበር። ራማክሪሽና ለጥያቄው ያለማመንታት አዎን ብሎ መለሰ። ወጣቱ ግን ወዲያው አልተሸነፈም። ለምስል መስገድን አቃለለ፤ ሁሉ ነገር አንድ መለኮት ነው የሚለውን የአድቫይታ ትምህርትም፣ እንግዲያስ ማሰሮውም ጽዋውም አምላክ ነዋ እያለ ተሳለቀበት። መምህሩ ታገሠው። ደቀ መዝሙሩን ያጸናው ይህ ትዕግሥት ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ይመስላል።

በ1884 አባቱ ዕዳ ትቶ በድንገት ሞተ። የበኩር ልጅ የነበረው ናሬንድራ ሥራ ፍለጋ ካልካታን በባዶ እግሩና በባዶ ሆዱ ዞረ፤ ዘመዶችም በመኖሪያ ቤቱ ላይ ክስ መሠረቱ። በዚህ ጊዜ ራማክሪሽና ወደ ካሊ ፊት ቀርቦ ለቤተሰቡ እንጀራ እንዲለምን ላከው። ሦስት ጊዜ ገባ፤ ሦስቱንም ጊዜ ገንዘብ መለመን ተስኖት ዕውቀትንና መንፈሳዊ ፍቅርን ለምኖ ወጣ። ታሪኩ በደቀ መዛሙርቱ ዘንድ የእምነቱ መለወጫ ተደርጎ ይተረካል። ከዚያ ባላነሰ ግን ሌላ ነገርም ያሳያል፤ የተራቡ ሰዎች ጉዳይ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ሰው መንፈሳዊ ሕይወት ውስጥ ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ቀረ።

ራማክሪሽና በጉሮሮ ካንሰር ታሞ በኮሲፖር የአትክልት ቤት በተኛበት በ1886፣ ናሬንድራ የዮጋ መጨረሻ የሚባለውን ደረጃ ቀመሰ። ሳማዲ የሚባለውን ይህን ሁኔታ በአማርኛ ተመስጦ ማለት ይቻላል፤ ቃሉ ከገዳማውያን ትውፊታችን የመጣ ስለሆነ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ በአድቫይታ አስተምህሮ ሳማዲ የአዋቂና የታዋቂ ልዩነት ራሱ የሚጠፋበት ነው። በኋላ የተጻፉ የደቀ መዛሙርት ትዝታዎች እንደሚሉት፣ ወጣቱ በዚያ ሁኔታ ለቀናት ተውጦ ለመኖር ፈቃድ ሲጠይቅ መምህሩ ገሠጸው፤ ለብዙዎች ጥላ የሚሆን ትልቅ ዛፍ እንዲሆን እንጂ የራሱን ደስታ ብቻ እንዲፈልግ እንደማይሻም ነገረው። ልምዱን ካገኘ በኋላም ይህ በር ሥራው እስኪፈጸም እንደሚቆለፍና ቁልፉ በራማክሪሽና እጅ እንደሚቀር ተነገረው። ትረካው በኋላ ከተደረገው ነገር ጋር እጅግ መግጠሙ አጥኚን ቢያጠራጥር አያስደንቅም። ሆኖም ቪቬካናንዳ ራሱ ሕይወቱን የተረዳው በዚሁ መልክ መሆኑ ከሥራውም ከደብዳቤዎቹም ይታያል።

ራማክሪሽና ኦገስት 16 ቀን 1886 ካረፈ በኋላ ወጣት ደቀ መዛሙርቱ በባራናጎር በአንድ ፈራሽ ቤት ተሰብስበው መነኮሱ። ከዚህ ዘመን ለጉዳያችን የሚበልጠው በ1890 መጀመሪያ በጋዚፑር የሆነው ነው። በዚያች የጋንጅስ ዳር ከተማ ፓቭሃሪ ባባ የሚባል ዮጊ ከምድር በታች በቆፈረው ዋሻ ዘግቶ ይኖር ነበር፤ ጎብኚዎችን የሚያነጋግረውም በበር ጀርባ ሆኖ ነው። በወገብ ሕመም ይሠቃይ የነበረው ናሬንድራ ራጃ ዮጋን ሊማር ወደ እርሱ ሄደ። ከዚያ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ መጽሐፉ ምንጭ ለሚያጠና ሰው እጅግ ጠቃሚ ናቸው። በእነዚህ ደብዳቤዎች፣ በአገሩ በቤንጋል ዮጋ እምብዛም እንደማይታወቅ፣ የሚታወቀውም ሐታ ዮጋ የሚባለው የትንፋሽና የሰውነት ልምምድ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱ የሚሻው ግን ይህን እንዳልሆነ ይገልጻል። ሐታንና ራጃን ለይቶ የመጀመሪያውን ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ለምዕራባውያን አድማጮች ሲባል የተደረገ ተደርጎ ይቀርባል። ደብዳቤዎቹ እንደሚያሳዩት ግን ልዩነቱ ቪቬካናንዳ ከአሜሪካ ምድር ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በእርሱ ዘንድ ነበረ፤ ራማክሪሽናም ቢሆን ሐታ ዮጋ ሐሳብን በሥጋ ላይ ያስራል በማለት አይወደውም ነበር።

የጋዚፑሩ ጉዞ ግን ያለ ፍሬ ቀረ። ናሬንድራ ከፓቭሃሪ ባባ ምሥጢረ ዮጋን ሊቀበል በቆረጠ ጊዜ ራማክሪሽና ያዘነ መስሎ በሌሊት ራእይ እየተመላለሰ እንደ ታየው በኋላ ተናግሯል። ሐሳቡን ተወ። ከዚያም ወዲያ ሌላ መምህር አልፈለገም። ስለዚህ ዮጋን ለዓለም ያስተማረው ሰው፣ ዮጋን በሥርዓት ሊማር ከሄደበት ደጅ ሳይማር የተመለሰ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በሰፊው የታወቁ ስለሆኑ በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ሕንድን በእግርና በባቡር ዞረ፤ በ1892 መጨረሻ በደቡብ ጫፍ በካንያኩማሪ ከባሕር በወጣ ዓለት ላይ በጥሞና ተቀመጠ። ቪቬካናንዳ የሚለውን ስም የያዘው በኬትሪው ገዥ በአጂት ሲንግ ሐሳብ አቅራቢነት ነው። ሜይ 31 ቀን 1893 ከቦምቤይ በመርከብ ተነሥቶ በጃፓንና በካናዳ በኩል ቺካጎ ደረሰ፤ ሴፕቴምበር 11 በተከፈተው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ባደረገው ንግግርም ስሙ በአንድ ቀን ገነነ።

ዝናው ያመጣለትን የንግግር ውል ትቶ ወደ ማስተማር መመለሱ ከዝናው ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። በ1895 መጀመሪያ በኒው ዮርክ በ33ኛው መንገድ በተከራያቸው ተራ ክፍሎች ያለ ክፍያ ማስተማር ጀመረ፤ ወንበሩ ሲሞላ ተማሪዎቹ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። በዚያው በጋ በታውዘንድ አይላንድ ፓርክ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎችን ይዞ ሰባት ሳምንት ያህል ቆየ። ሁለቱን አመነኮሰ፤ ሁለቱም ኋላ ከእርሱ ተለዩ። በዓመቱ መጨረሻ የተቀጠረው የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ጄ. ጄ. ጉድዊን ንግግሮቹን መጻፍ ያዘ፤ የፓታንጃሊን የዮጋ ሱትራ ትርጓሜ ደግሞ ተማሪው ኤለን ዋልዶ ከአንደበቱ ጻፈች። ራጃ ዮጋ ከእነዚህ ተዘጋጀ።

መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ መጀመሪያው ትምህርት፣ ሁለተኛው የሱትራው ትርጉምና ማብራሪያ ነው። ፓታንጃሊ የዮጋን መንገድ በስምንት ደረጃ ያስቀምጣል፦ ከክፉ መታቀብ፣ በጎ ምግባር፣ አቀማመጥ፣ የትንፋሽ ቁጥጥር፣ ሕዋሳትን ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ጥሞና፣ ተመስጦ። ከ190 በላይ ከሆኑት አጫጭር አንቀጾች ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሚጠይቁት የማይናወጥና የማያስጨንቅ አቀማመጥ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ቪቬካናንዳ ለጥንታዊው ጽሑፍ ታማኝ ነው። የሚለየው በፍጻሜው ላይ ነው። በፓታንጃሊ ዘንድ የመንገዱ ፍጻሜ ካይቫልያ ይባላል፤ ይኸውም ነፍስ ከግዙፉ ተፈጥሮ ፈጽማ ተለይታ ብቻዋን መቅረቷ ነው። ቪቬካናንዳ ይህን የሁለትነት ትምህርት በአድቫይታ መነጽር ያነበዋል፤ ለእርሱ ዮጋ በሰው ሁሉ ውስጥ የተሰወረውን መለኮት መግለጥ እንጂ ከዓለም መነጠል አይደለም። በሰው ሁሉ ውስጥ አንድ መለኮት ካለ የተራበውን ማገልገል ራሱ ዮጋ ሊሆን ይችላል። ሥራን፣ ፍቅርን፣ ጥሞናንና ዕውቀትን አራት እኩል መንገዶች አድርጎ ማሰለፉም ከዚህ ይከተላል። የመንገዶቹ ስሞች ጥንታውያን ናቸው፤ በዚህ መልክ መደርደራቸውና ለእያንዳንዱ ሰው ጠባይ ምርጫ ሆነው መቅረባቸው ግን በአብዛኛው የእርሱ ሥራ ነው።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። ሐታ ዮጋን ዝቅ ያደረገው ደራሲ፣ በዚያው መጽሐፍ ስለ ኩንዳሊኒና ስለ ሱሹምና በሰፊው ሲያስተምር ከሐታና ከታንትራ ወግ የተወረሰ ትምህርት ይጠቀማል፤ እነዚህ በፓታንጃሊ ዘንድ በዚህ መልክ አይገኙም። ፕራናን እንደ ኃይል፣ አካሻን እንደ ግዙፍ ነገር አድርጎ በዘመኑ የፊዚክስ ቋንቋ ማስረዳቱም ዛሬ የመጽሐፉ ደካማ ጎን ነው። በ1896 ከኒኮላ ቴስላ ጋር ሲገናኝ፣ ኃይልና ግዙፍ ነገር ከአንድ ምንጭ መሆናቸውን ቴስላ በሒሳብ ያሳይልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን አልመጣም። ኤሊዛቤት ዴ ሚኬሊስ ዘመናዊ ዮጋ የሚጀምረው ከዚህ መጽሐፍ ነው ማለቷ በእነዚህ ነጥቦች ይደገፋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ወጉን ሙሉ በሙሉ ለቀቀ ማለት አይቻልም። ደራሲው በመቅድሙ፣ ከጥቂቱ በቀር ዮጋን ያለ አደጋ መማር የሚቻለው ከመምህር ጋር ፊት ለፊት በመገናኘት ብቻ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። በእጅ የተያዘ መጽሐፍ ራሱን ለብቻው እንዳይነበብ መከልከሉ፣ የጋዚፑሩን በር ለሚያስታውስ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ዊልያም ጄምስ በ1902 ስለ ሃይማኖታዊ ልምድ ባሳተመው ሥራው ስለ ሳማዲ ሲጽፍ የጠቀሰው ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ቪቬካናንዳ በጃንዋሪ 1897 በኮሎምቦ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሜይ 1 ቀንም የራማክሪሽና ሚሲዮንን መሠረተ። ክርክሩ አሁን በገዛ ወንድሞቹ አፍ ተነሣ። አንዳንድ አብረውት የመነኮሱ ሰዎች፣ ማኅበር ማቋቋምና ችግረኛን መርዳት ምዕራባዊ እንጂ የመምህራቸው ትምህርት እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ራማክሪሽና ያስተማረው እግዚአብሔርን መፈለግን ነበርና። ቪቬካናንዳ በኃይል መለሰላቸው፤ በንግግሩ መካከልም እንባ ተናንቆት ወደ ክፍሉ ገባ። ወንድሞቹ ተረቱ ወይስ አዘኑለት ለማለት ያስቸግራል፤ ሥራው ግን ቀጠለ። አካንዳናንዳ በሙርሺዳባድ ረኃብተኞችን መርዳት ጀመረ። በ1898 ወረርሽኝ ካልካታን ባስደነገጣት ጊዜም ቪቬካናንዳ ገንዘብ ከጠፋ ለቤሉር ገዳም የተገዛውን መሬት እንኳ ለመሸጥ ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ።

ይህ ማለት ግን ለራሱ ጥያቄው ተዘጋ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሳለ፣ በኤፕሪል 1900 ከካሊፎርኒያ ለጆሴፊን ማክላውድ የጻፈው ደብዳቤ ይህን ያሳያል። በዚያ ደብዳቤ መምህሩንም መሪውንም ከላዩ አውልቆ ይጥላል፤ የቀረው በዳክሺኔስዋር ከሾላ ወገን በሆነው በባኒያን ዛፍ ሥር ራማክሪሽናን በመደነቅ ያዳምጥ የነበረው ልጅ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ሥራውን ለሌሎች ትቶ ወደዚያ ጸጥታ መመለስን ይናፍቃል። አገልግሎትን ዮጋ ብሎ የሰበከው ሰው በሠላሳ ሰባት ዓመቱ የሚናፍቀው ያንኑ በወጣትነቱ የተከለከለውን ነበር።

በስኳር በሽታና በአስም ደክሞ በዲሴምበር 1900 ቤሉር ገባ። ጁላይ 4 ቀን 1902 ማለዳ ወደ ጸሎት ቤቱ ገብቶ በሩንና መስኮቱን ከውስጥ ዘጋ፤ ለሦስት ሰዓት ያህል በጥሞና ቆየ። ከቀትር በኋላ ለወጣት መነኮሳት የሳንስክሪት ሰዋስው አስተማረ፤ ከፕሬማናንዳ ጋር በእግር እየሄደም በገዳሙ የቬዳ ትምህርት ቤት ስለ ማቋቋም ተነጋገረ። ሲመሽ ወደ ክፍሉ ገብቶ ለጥሞና ተቀመጠ፤ በዚያው ምሽት ዐረፈ። ዕድሜው 39 ነበር። አስከሬኑ በቤሉር በጋንጅስ ዳር ተቃጠለ፤ ከወንዙ ማዶ ከ16 ዓመት በፊት የራማክሪሽና አስከሬን የተቃጠለበት ስፍራ ይታያል።