የአበበ ቢቂላ የጃፓን ሃትሪክ፤ የተረሳችው የሐይቅ ዳር ድል

ስለ አበበ ቢቂላ ሲነሳ የአገራችን ስፖርት አፍቃሪ የሁለት ከተሞችን ስም ይጠራል፤ ሮምና ቶኪዮ። ሁለቱን ሌሊት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም አይስታቸውም። ጀግናው አትሌት ግን በጃፓን ምድር ብቻ ሦስት ማራቶን ሮጦ ሦስቱንም አሸንፏል። በኳስ ቋንቋ ሃትሪክ ሠርቷል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ጎል በ1961 ኦሳካ ላይ፣ ሁለተኛዋ በ1964 ቶኪዮ ላይ ተቆጠረች። ሦስተኛዋ በ1965 ኦትሱ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ የተገኘች ናት። እሷን የሚያስታውስ ግን ከስንት አንድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

አበበ የተወለደው ነሐሴ 7 ቀን 1932 በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል። በልጅነቱ የሚጫወተው ገና ነበር። ገና ጨዋታ ላይ ግቦቹ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉና፣ እንደ ዛሬው የሜዳ አማካይ ዘጠና ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ለዚያ ልጅ ማሟሟቂያ አይሆነውም። አድጎ ክቡር ዘበኛ ገባ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘውና ሯጭ አደረገው። የሱሉልታ ኮረብታና ዳገት የአበበ የየዕለት እንጀራ ሆነ።

ሮምን አላበዛም፤ ሁሉም ያውቀዋል። መስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነ። ወደ አገሩ ተመልሶ ገና ድሉን ሳያጣጥም፣ በታህሳስ ወር የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። የጦሩ አባል ነበርና እሱም ተይዞ ታሰረ፤ እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተለቀቀ።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ጃፓን ሄደ። ማይኒቺ የሚባለው ጋዜጣ ስሙን የሰጠው ማራቶን ያኔ የሚካሄደው ኦሳካ ላይ ነበር። እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል ጫማ ሠሪ (የዛሬው አሲክስ መሥራች ነው) አበበ በባዶ እግሩ ሊሮጥ መሆኑን ሰምቶ ሄዶ አነጋገረው፤ ለምኖም አሳመነው። አበበ የኦኒትሱካን ጫማ አድርጎ ሮጠና አሸነፈ። ሰዓቱ 2፡29፡27 ነው፤ ከሮሙ ጋር ሲተያይ የዘገየ ነው። ግን ሰኔ ጃፓን ውስጥ የዝናብና የወበቅ ወር ስለሆነ በሰዓቱ ባንፈርድበት ይሻላል።

ከሮም በኋላ እስከ 1966 ድረስ አበበ ውጭ አገር ከሮጣቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው የ1963ቱን ቦስተን ብቻ ነው፤ አምስተኛ ወጣ። ቶኪዮ የሄደው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው ነው። 2፡12፡11 በሆነ ሰዓት የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሰብሮ ገባ። ከዚያ ሜዳው ሣር ላይ ተጋድሞ እግሩን እያፍታታ የስታዲየሙን ሰው ጉድ አሰኘ። ማራቶንን በተከታታይ ኦሊምፒክ ሁለቴ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ሐይቁ እንምጣ። ከቶኪዮ ሰባት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1965፣ ያው የማይኒቺ ማራቶን ቦታ ቀይሮ ኦትሱ ላይ ተዘጋጀ። ሻምፒዮኑም ተጋበዘ። በሚያዝያ ከማሞ ወልዴ ጋር ኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መልዕክት ይዘው ሮጠው ነበር። በግንቦት ጃፓን ደረሰ።

ኦትሱ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ፣ ቢዋ፣ ደቡባዊ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የኪዮቶ ጎረቤት ናት። ሐይቁ ስሙን ያገኘው ቢዋ ከሚባለው የጃፓኖች የክር መሣሪያ ነው። ስፋቱ 670 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጣና ጋር አይወዳደርም። ዙሪያው ግን 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩን ይዞ መዞር የሚፈልግ ሯጭ አምስት ማራቶን ተኩል ይጠብቀዋል። በምዕራብ የሂየይ ተራራና የሂራ ሰንሰለት፣ በምሥራቅ ደግሞ ኢቡኪ ቆመው ውኃውን ከላይ ያዩታል። ቢሾፍቱ ሄዶ የሆራን ዳር በእግሩ የረገጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ይኼኛው ግን አገር የሚያህል ሆራ ነው። ለሯጭ ትልቁ ስጦታ ሌላ ነው። ተራራው ለዓይን ነው እንጂ ለእግር አይደለም። መንገዱ የውኃውን ዳር ተከትሎ ስለሚሄድ ዳገት የለበትም ማለት ይቻላል። ውድድሩ በኋለኞቹ ዓመታት የሄደበት መስመር ከኦጂያማ ስታዲየም ተነስቶ፣ ደቡባዊውን ዳርቻ ይዞ፣ ከሐይቁ የሚወጣውን የሴታ ወንዝ አግኝቶ ይመለሳል። በሌላ በኩል ነፋስ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ የሚከልል ነገር የለም፤ ሜዳ ላይ ብቻህን እንደቀረህ በረኛ ነው የምትሆነው።

የሱሉልታው ሰው ያንን ውድድር በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨረሰ፤ አንደኛ። ከቶኪዮው በአሥር ደቂቃ የዘገየ ነው፤ ሪከርድም የለ፣ ባዶ እግርም የለ፣ የሚነገር ተአምርም የለ። የተረሳችውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን የዚህችን ድል ዋጋ ዝቅ አላደርግም። ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ወርቅ በሌለበት ተራ ማራቶን ላይ ቢሸነፍ ስንት ሊባል እንደሚችል የኳስ ተመልካች ያውቃል፤ ዋንጫ ያነሳ ክለብ በሚቀጥለው ሳምንት ከወራጅ ቀጠና ቡድን ጋር ነጥብ ሲጥል ምን እንደሚባል አይተናል። አበበ ነጥብ አልጣለም።

በቀጣዩ ወር፣ ሰኔ 12 ቀን 1965፣ ሞሪዮ ሺገማትሱ የሚባል ጃፓናዊ እንግሊዝ አገር 2፡12፡00 ገብቶ የአበበን የቶኪዮ ሰዓት በ11 ሰከንድ አሻሻለው። ኦትሱ ላይ እንግዳቸው ሲሮጥ አሁንም የዓለም ፈጣኑ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን ይዞ ያሸነፈባት የመጨረሻዋ ማራቶን እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ያሳዝናል። በ1966 ስፔን ዛራውትዝ ላይና ኮሪያ ውስጥ አሸነፈ፤ በ1967 ዛራውትዝ ላይ ጉዳት አስቆመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በተጎዳ እግሩ ሮጦ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። መጋቢት 22 ቀን 1969 ሌሊት የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ያ ሁሉ ዳገት የወጣ እግር ከዚያ በኋላ አልታዘዘም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። አበበ ግን ውድድር አልተወም፤ በ1970 እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በረዶ ላይ በውሻ የሚጎተት ጋሪ ነድቶ 25 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። ጥቅምት 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ቀብሩ የተፈጸመው አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።

የሐይቅ ዳሩ ማራቶን ከእሱ በኋላ ብዙ ዘመን ሄደ። ፍራንክ ሾርተር አሸንፎበታል፤ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ2009 ድል አድርጎበታል። የካቲት 28 ቀን 2021 ኬንጎ ሱዙኪ 2፡04፡56 በሆነ ሰዓት የጃፓንን ሪከርድ ሰበረ፤ ኦትሱ ላይ የተካሄደው የመጨረሻውም ያ ሆነ። በ2022 ከኦሳካ ማራቶን ጋር ተቀላቅሎ፣ አበበ የኦኒትሱካን ጫማ አድርጎ ወዳሸነፈባት ከተማ ተመለሰ። ሐይቁ ዳር ከ2023 ጀምሮ በመጋቢት የሚሮጠው ሕዝቡ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው።