ፍራንክ ሎክሃርት፡- ከተጠባባቂ ወንበር እስከ ዴይቶና አሸዋ

ተቀይሮ ገብቶ ጨዋታውን የገለበጠ ተጫዋች ታሪኩ ሁሌም ይጣፍጣል። በመኪና ውድድር ዓለም ደግሞ ተቀይሮ ገብቶ ጉድ ያሰኘው አሜሪካዊው ፍራንክ ሎክሃርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1903 በኦሃዮ ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ያደገው ሎክሃርት፣ በ1926 ወደ ኢንዲያናፖሊስ የመጣው በተጠባባቂ ሾፌርነት ነበር። ፒተር ክራይስ የተባለው ተወዳዳሪ ሲታመም ሚለር መኪናው ለእሱ ተሰጠ። የ500 ማይሉ ውድድር በዝናብ ምክንያት 400 ማይል ላይ ሲቋረጥ፣ በዚያ ትራክ አንዴም ተወዳድሮ የማያውቀው የ23 ዓመት ወጣት ተከታዩን በሁለት ዙር ቀድሞ ዋንጫውን ወሰደ።

ሎክሃርት ግን መሪ ጨብጦ ነዳጅ መርገጥ ብቻ የሚበቃው ሰው አልነበረም። የሚለር ሞተር 1.5 ሊትር ብቻ ነው። ጉልበት የሚያገኘው አየርና ቤንዚኑን አምቆ በግድ ከሚያስገባለት ሱፐርቻርጀር ነበር። ችግሩ አየር ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ ሲያቃጥል ያውቀዋል። የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ጋ የሚደርሰው ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ሎክሃርት ከዜናስና ጆን ዋይዝል ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ከሱፐርቻርጀሩ እስከ ሞተሩ ያለውን የአየር መንገድ እንደ አዲስ ሠራው። በመሀል የአሉሚኒየም ክንፎች ያሉት ማቀዝቀዣ አስገባ፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ያበርደዋል። ዛሬ በየቱርቦ መኪናው ኮፈን ስር ያለው ኢንተርኩለር ማለት ይሄው ነው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በኤፕሪል 1927 በካሊፎርኒያው ሙሮክ ደረቅ ሐይቅ ላይ ያቺ ትንሽ ሞተር በአማካይ በሰዓት 164 ማይል (264 ኪሎ ሜትር ገደማ) በረረች። በዚያው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ ማጣሪያ 120 ማይልን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ውድድሩንም ሲመራ ቆይቶ 120ኛው ዙር ላይ ቢዬላው ተሰበረና ድሉ ከእጁ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዓይኑን የጣለው የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን ላይ ነው። በስተዝ ኩባንያ ድጋፍ ሁለት የሚለር ሞተሮችን አጋጥሞ ባለ 16 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር የሆነችውን ብላክ ሆክ ሠራ። ተፎካካሪው ሬይ ኪች ያሽከረከረው ግን ባለ 81 ሊትር ጭራቅ ነበር! በፌብሩዋሪ 1928 በዴይቶና የባህር ዳርቻ ብላክ ሆክ ተንሸራታ ባህር ውስጥ ገባች፤ ሎክሃርትን ሰዎች አወጡት። መኪናዋን ጠግኖ ተመለሰ። ኤፕሪል 22 ኪች በሰዓት ከ207 ማይል በላይ ሮጦ ክብረ ወሰኑን ያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ሎክሃርት ሲሞክር የኋላ ጎማው ፈነዳ። አሸዋው ላይ የነበረ የባህር ቅርፊት ሳይቆርጠው አልቀረም ይባላል። ከመኪናዋ ተወርውሮ ወዲያው ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 25 ነበር። ሞተሩ እስከ መጨረሻው አላሳፈረውም፤ የከዳው ጎማው ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1929 የኢንዲያናፖሊስን ዋንጫ ያነሳው ያው ሬይ ኪች ሲሆን፣ ያሸነፈባት መኪና ቀድሞ የሎክሃርት የነበረችው ሚለር ናት። ኪችም ድሉን ብዙ ሳያጣጥም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በሌላ ውድድር ላይ ሕይወቱ አለፈ።